ለሙት መሥሪያ ቤት የታመኑ አከራዮች

ታማኝ ሰው ጠፋ የሚል ካለ ለንደን መጥቶ ቤት ይፈልግ።

የእንግሊዝ አከራይ የቤት ኪራይ ድጎማ የሚቀበል ሰው ደጁን እንዳይረግጥ ሲፈልግ «ኖ ዲ ኤስ ኤስ» ይላል። ዲ ኤስ ኤስ የተባለው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ግን በ2001 ፈርሷል (እንደ ፈረንጆቹ ነው)። እኛ ለሞተ ዘመድ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን፣ ቢበዛ ሰባት ዓመቱን ዘክረን እናበቃለን። እነሱ ዘንድ ስሙ ከሃያ ዓመት በላይ ከአፍ አልተለየም። እንዲህ ያለ ዘመድ ይስጣችሁ!

ባለፈው ኅዳር አንዲት የማውቃት እናት ቤት ለማየት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። አከራዩ የኛው ሰው ናቸው። ኪራዩ በወር 1,400 ፓውንድ። ሻጋታው የኮሪደሩን ጣራ ዙሪያውን ይዞ ጥለት መስሏል።

«ሥራ አለሽ የኔ ልጅ?»

«አዎ ጋሼ፣ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የጎደለውን የመንግሥት ቤኔፊት ይሞላልኛል።»

የጋሼ ፊት ተለዋወጠ። «እኔ እንኳ ግድ አልነበረኝም። ባንኩ ነው እምቢ ያለኝ።» ትንሽ ቆይተው ኢንሹራንሱንም ጨመሩ። ደረጃው ጋ ስንደርስ ባለቤታቸውም እምቢ ብለዋል።

እውነት ለመናገር ስጋታቸው ከሜዳ አልመጣም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ማለትም ኪራዩንም የሚደጉመው የመንግሥት እርዳታ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ አምስት ሳምንት ያስጠብቃል። ገንዘቡም የሚገባው በተከራዩ እጅ ነው። ድጎማው ደግሞ ከ2016 እስከ 2020 ንቅንቅ አላለም ነበር፤ ኪራዩ ግን ማን ያቆመዋል? ታዲያ ጋሼ የተቆጡት መንግሥት ላይ ሆኖ በሩ የተዘጋው እሷ ላይ ነው። ይህም ጥበብ ነው፤ መንግሥት ቤት ሊያይ አይመጣማ።

ደግሞ ቋንቋ ማሳደጋቸው! በ2020 የዮርክ ፍርድ ቤት ድጎማ ተቀባይን በጅምላ መከልከል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። በ2025 የጸደቀው የእንግሊዝ የተከራዮች መብት ሕግም ይህንኑ አድልዎ ከለከለ። አከራዮቻችን ሕግ አክባሪ ናቸውና ቃሉን ተዉት። አሁን የሚሉት «ለፕሮፌሽናል ብቻ» ነው። ወይም የዓመት ገቢው የወሩን ኪራይ 30 እጥፍ ይሁን ይላሉ። ለጋሼ ቤት ሲሰላ 42,000 ፓውንድ መሆኑ ነው። ይህን የሚያገኝ ሰው ያ ሻጋታ ሥር ምን ሊሠራ ይመጣል? እሱን አትጠይቁ።

ጋሼ ግን ጨዋ ናቸው፤ ቡና ሳንጠጣ አልሸኙንም። ሁለተኛው ላይ ጨዋታ መጣላቸው።

«እኔም በ1992 ስገባ ኪራዬን የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ ነበር የሚከፍልልኝ» አሉ። «አከራዬ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሽማግሌ ነበር። አንዲት ነገር ሳይጠይቀኝ ቁልፉን ሰጠኝ።»