ለመታጠፊያችን ኩሬ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ሐምሌ 21፣ ዝናቡ ለአፍታ ሲያባራ
ለ፦ ክቡር የሰፈራችን መታጠፊያ ኩሬ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ምስጋናና አቤቱታ አጣምሮ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንኳን ለዘንድሮው ክረምት በሰላም አደረሰዎት። እኔ ወደዚህ ሰፈር ስገባ እርስዎ ነባር ነዋሪ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተደፍነዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሬንጁ ሄደ፣ እርስዎ ቀሩ። የሚመለከተው አካል ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ቆጥሬ አልጨርስም። በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ በወንበሩ ላይ የረጋ አላየሁም።

ትውልድዎ ከከፍታ መሆኑንም አልዘነጋሁም። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ የተነሣ ጎርፍ ቁልቁል ተንደርድሮ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሲደርስ ከፍታው 2,300 ሜትር ግድም ነው። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ እርስዎ ሞልተው የሚገኙት እላይ ተራራው ላይ የዘነበውን ተቀብለው ነው። መውረጃ ቱቦ አለ፤ ነገር ግን በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተይዞ ስላደረ ሌላ እንግዳ አያስገባም። ስለዚህ ማረፊያዎ መታጠፊያችን ሆነ። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን።

ወደ አቤቱታዬ ልግባ። በበጋ፣ ደረቅ ጉድጓድ ሳሉ፣ በደንብ እንግባባ ነበር። ግራ ጎማዬን ወደ ኮብልስቶኑ ጠጋ፣ ቀኙን ከከንፈርዎ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜም አልፍዎት ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ግን ቡናማ ካባዎን ደርበው ከዳር እስከ ዳር ይጋደማሉ። ሦስት ጣት የማይሞላው ጥግዎና ጉልበት የሚውጠው እምብርትዎ አንድ መልክ ይይዛሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል ስለ ወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቀኝ የፊት ጎማዬን እምብርትዎ ውስጥ ከተትኩት። መሪው ከእጄ አምልጦ ተመለሰ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ቁልፍ ወንበር ሥር ገባ። ጎሚስታው ቸርኬውን አጋድሞ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፤ የተጣመመው ቦታ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለና «የመታጠፊያው ነው፣ አይደል ጋሼ?» አለኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ያውቀዋል። በክረምት ገቢው ላይ ድርሻ እንዳለዎት መጠርጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ጎማውን አየና ፈገግታው ጠፋ። አውሮፓ ውስጥ የጎማ ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ በሕግ መንገድ ላይ አይወጣም፤ የእኔ ጎማ የቀረው ድዱ ነበር። ጥርሱ ለጌጥ አልተሠራም፤ በመሀሉ ያለው ቦይ ውኃውን ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየገፋ ላስቲኩ አስፋልቱን እንዲነካ ያደርጋል። ድድ ብቻ ሲቀር መኪና ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውኃው ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። መሪው ድንገት ላባ ይሆናል፣ ፍሬኑም ስሙ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ፍሬን ላይ መቆም እንደማያዋጣ ጎሚስታው ነገረኝ። ምክሩ ያለ ክፍያ ነበር፤ ቸርኬው ግን አልነበረም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ቸርኬው ከተቃና ሳምንት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት ጠዋት፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው በዳርዎ ያልፉ ነበር። እኔ ከኋላዬ ጡሩንባ የሚነፋ ሚኒባስ አጣድፎኝ ዘው ብዬ ገባሁብዎት። ውኃዎ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ተነሣና እማማን ከራስ እስከ እግራቸው አለበሳቸው። ቆሜ ወረድኩ፤ እጅ ነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ ከቅንድባቸው ላይ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፤ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ክዳኑን አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ተጠምቄ እየመጣሁ እኮ ነው፤ ይኼኛው ለየትኛው በሽታ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የቸኮልኩት እኮ ፊት ለፊት ወዳለው ቀይ መብራት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ጋር በሰላም ለመኖር ያልሞከርኩት የለም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ፍሬን ተይዞ 14 ሜትር ገደማ ቢበቃው በእርጥብ መንገድ እጥፉን ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ እስከ አራት ቆጥሬ መድረስ አለብኝ። ቆጠርኩ። ሁለት ላይ ሚኒባስ ገባ፣ ሦስት ላይ ባጃጅ። አራትን እስካሁን ደርሼባት አላውቅም። ካፊያው ደግሞ ከዶፉ ይከፋል፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ለውሶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል እንጂ አያጥበውም። የእርስዎ የወንድም ልጅ ይመስለኛል።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪኖቹንም ታዝቤያለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በዝተዋል፤ ጫፍዎ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ባትሪው ውኃ እንዳያስገባ ታሽጎ የተሠራ ቢሆንም ጎርፍ ውስጥ ግቡ ያላቸው የለም። እነርሱ እስኪወስኑ እኛ ከኋላ ሆነን የውስጥ መስታወታችንን በፎጣ እንጠርጋለን። ደፋር ሲገኝ ሁላችንም ዓይናችንን ጎማው ላይ እንተክላለን፤ ውኃው ቸርኬውን ከዋጠው መንገድ እንቀይራለን፣ ካልዋጠው በአንደኛ ማርሽ ሳንቆም ሳንፈጥን ተራ በተራ እንከተላለን። ከወጣን በኋላ ፍሬኑ እንዲደርቅ ለስለስ አድርጎ ረገጥ ረገጥ ማድረግ አለ። ሥርዓተ ጸሎት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ትናንት ማታ የሰፈር ልጆች እምብርትዎ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተክለዋል። ዘንድሮ ከተተከለው ሁሉ እንደ እርሱ የተከበረ አላየሁም፤ ሚኒባሱ ሳይቀር ይዞረዋል። ልመናዬ አንድ ነው፤ እስከ መስከረም እንዳይውጡት።

ከሰላምታ ጋር
የቪትዟ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው አካል (ካለ)
ለጎሚስታው፣ ለሒሳብ ማወራረጃ
ለሚኒባሱ ሾፌር፣ ጡሩንባው ሲያርፍ
ለእማማ (አባሪ፦ አንድ ሳሙና)