ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የእናቴ ቀጠሮ

ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ እዚህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ቁልፉን ደጋግሜ አዞራለሁ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለጠዋቱ 2 ሰዓት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራት፤ ቀጠሮውን ያገኘነው ከሦስት ወር ጥበቃ በኋላ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ከማለት በስተቀር አልዞር አለ፤ የዳሽቦርዱም መብራት ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር ይደበዝዛል። እሑድ ማታ የኋላው በር በደንብ ስላልተዘጋ የውስጥ መብራቱ ሁለት ሌሊት በርቶ አድሮ ባትሪው ወርዷል።

በዚያች ሰዓት አልደነገጥኩም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ብዬ ከአራት ወር በፊት፣ ብዙዎቻችን ጃምፕ ስታርተር የምንለውን፣ መኪናም የሚያስነሳ ስልክም የሚሞላ ፓወር ባንክ ገዝቼ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን እንዳይሰካበት ተቆጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቅኩት፣ በየወሩ እያወጣሁ የምሞላው፣ ለመንገዱም ብዬ ሰኞ ማታ አራቱም መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ የሞላሁት ዕቃ ነው። ቀዩን መቆንጠጫ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ ላይ አሰርኩ፤ አረንጓዴው መብራት በራ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ግማሽ ዙር ያህል ተንገራገጨና ቆመ፤ በዚያው ቅጽበት የዕቃው መብራቶች በሙሉ ጠፉ። መመሪያው እንደሚለው ጥቂት ጠብቄ ደገምኩት፤ ያው ሆነ፤ ገመዱ በእጅ የማይያዝ ያህል ግሎ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም።

የቀድሞ መኪናዬ ማንዋል ስለነበረ የሰፈር ልጆች ይገፉልኝና፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ይነሳ ነበር። ካምቢዮው አውቶማቲክ የሆነ መኪና ግን በመግፋት አይነሳም፤ ዕቃውን የገዛሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎረቤታችንን ከእንቅልፋቸው መቀስቀስ ግድ ሆነብኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ ሌሊት» ስላቸው፣ «ለእናትህ አይደለም እንዴ ልጄ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል» ብለው በጋቢ ወጥተው መኪናቸውን አጠጉልኝ፤ በእሳቸው ኬብል በአንድ ሙከራ ተነሳ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይሁን እንጂ ኬብሉ ተፈልጎ እስኪገኝና መኪናቸው ከግቢያቸው እስኪወጣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ አልፏል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የፍጥነት መንገድ ጨርሰን፣ የአዲስ አበባን የጠዋት መጨናነቅ አልፈን ስንደርስ የእናቴ ስም ተጠርቶ አልፏል። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ዕቃውን ወደገዛሁበት ሱቅ ስመልስ የተሰጠኝ መልስ «ወንድሜ፣ የአንተ ባትሪ ሞቶ ነው እንጂ ይህ ኦሪጂናል ነው» የሚል ነበር። ከደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውንም በጣቱ አሳየኝ። ነገሩን በግምት መተው ስላልፈለግኩ ባትሪውን የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ አደረስኩት። በቻርጀር ሞልቶ፣ አሳድሮ በቴስተር ሲለካው 12.6 ቮልት ይዟል፤ ሞተሩ ሲነሳ ከ10 ቮልት በታች አልወረደም፤ መኪናው ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም 14.2 ቮልት ይሰጣል። ባትሪው አልሞተም ማለት ነው፤ ወርዶ የነበረ ጤነኛ ባትሪ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ባትሪ ማስነሳት ደግሞ የዚህ ዕቃ ዋና ሥራው ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ሊሠራው ይችላል። ዕቃውን ያለ ገመዱ የሰፈራችን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 260 ግራም ሆነ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር የሚሰላው በአንዱ የሊቲየም ሴል ቮልቴጅ፣ በ3.7 ቮልት ስለሆነ፣ ወደ ኃይል መጠን ሲቀየር 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጥሩ የሚባሉት የሊቲየም ሴሎች በአንድ ኪሎ ግራም 250 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዙ፣ 74 ዋት ሰዓት ለመያዝ ሴሎቹ ብቻ 300 ግራም ገደማ መመዘን አለባቸው፤ ለመኪና ማስነሻ የሚሠሩት፣ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ የሚለቁት ሴሎች ደግሞ ከዚህም ይከብዳሉ። የእኔ ዕቃ ግን ከነፕላስቲኩ፣ ከነሰርኪዩቱ፣ ከነባትሪ መብራቱ 260 ግራም ነው። ቁጥሩ እውነት ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም።

ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን ከዚህ በኋላ የተረዳሁት ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ለመኪናው የሚፈይደው እምብዛም ነው። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ለማስነሳት 200 አምፔር በ10 ቮልት ለሦስት ሰከንድ ቢወሰድ፣ የሚባክነው ኃይል 2 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መኪናን የሚያስነሳው በሳጥኑ ፊት በትልቁ የተጻፈው 20,000 አይደለም፤ እሱ ስልክ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ የሚናገር ቁጥር ነው። መኪናን የሚያስነሳው ሴሎቹ ያንን 200 አምፔር ቮልቴጃቸው ሳይወድቅ ለጥቂት ሰከንዶች ማውጣት መቻላቸውና የገመዱ ውፍረት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳጥኑ የሚለው «ፒክ 2,000 አምፔር» ብቻ ነው፤ ይህ ለቅጽበት ብቻ የሚታይ ከፍተኛው መጠን ሲሆን፣ ለስንት ሰከንድ እንደሚቆይና በስንት ቮልት እንደሆነ አንድም ቃል አልተጻፈም። የእርሳስ ስፋት እንኳ የሌለው ሽቦ 2,000 አምፔር ያሳልፋል ብሎ መጻፍ በሰው ችግር ላይ መነገድ ነው። እኛ ገዢዎችም የምንጠይቀው «ስንት ሺህ ነው?» ብለን ስለሆነ፣ ሻጩ የሚያሳየን የማይጠቅመንን ቁጥር አግዝፎ ነው።

ስልክ ለመሙላት የሚገዛ ፓወር ባንክ ቁጥሩ ቢዋሽ ሰው ስልኩ ይዘጋበታል፤ ያሳዝናል፣ ግን ይታለፋል። መኪና ማስነሻ የሚገዛው ግን ሌላ መፍትሔ በሌለበት ሰዓት እንዲደርስለት የሚፈልግ ሰው ነው፤ ምጥ የያዛት ሚስቱን የሚያደርስ፣ በሌሊት ከሥራ የሚመለስ፣ ከመተሐራ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው። በዕቃው ተማምኖ ኬብል መያዙን ይተዋል፤ ለጎረቤቱ አስቀድሞ አይናገርም። ውሸቱ የሚገለጥበትም ገንዘቡን ሲከፍል ሳይሆን በዚያች ሌሊት ነው።

በዚህ ላይ ሻጩ ሲሸጥልኝ «መኪናው ውስጥ ጣለው፣ ምንም አይሆንም» ብሎኝ ነበር። በአዳማ ፀሐይ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ በቀላሉ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለአብዛኞቹ የሊቲየም ሴሎች የሚቀመጠው የሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ሴሉ ሊያብጥ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ይህንን የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር የአማርኛም ሆነ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ፣ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሷ ከወረደች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። 74 ዋት ሰዓት ተብሎ የተሸጠ 260 ግራም ዕቃ ትክክለኛ መረጃ ነው የሚለኝ ካለ በሚዛን ያሳየኝ። እኔ የኤሌትሪሺያኑን ውጤት አስጽፌያለሁ፤ ደረሰኙና ሳጥኑም በእጄ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ ንግድ ቢሮ እቀርባለሁ።

እናንተም ይህን ዕቃ በቤታችሁ ወይም በመኪናችሁ ያላችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ መዝኑትና ክብደቱን፣ ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ከሥር ጻፉልኝ፤ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዘዋለሁ።