ጆሮ ጠቢው ሕፃን

ሕፃን አፉን የፈታ ዕለት በቤተሰቡ መካከል የመምህርነት ክርክር ይነሣል። እናት «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» ትላለች። አባት «አባባ በል» እያለ ያነጋቸውን ሌሊቶች ይቆጥራል። አክስት ደግሞ ምስጋናው በሙሉ በስልክ ለላከቻቸው የሕፃናት መዝሙሮች እንዲሰጥ ትሻለች።

ተማሪው ግን ከባዱን ትምህርት ገና ሳይናገር ጨርሶታል። ጡት ጠቢ ነው ብለን ፊቱ ያሻንን ስናወራ፣ ለካስ ጆሮ ጠቢም ኖሯል! የተደረሰበትም ሲጠባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ ጥናት የአንድ ወር ሕፃናት ሳይቀሩ የጡጦ ጫፍ እየጠቡ «ባ፣ ባ» የሚል ድምፅ ተለቀቀላቸው። ሲሰለቻቸው መጥባቱን ቀዝቀዝ አደረጉት፤ ድምፁ ወደ «ፓ» ሲለወጥ እንደ አዲስ ተያያዙት። በ1996 ደግሞ የስምንት ወር ሕፃናት ትርጉም የለሽ የድምፅ ጅረት ለሁለት ደቂቃ ብቻ ሰምተው፣ የትኛው ክፍለ ቃል የትኛውን እንደሚያስከትል ለዩ። እኛ በሁለት ደቂቃ የተዋወቅነውን ሰው ስም እንረሳለን።

ለአክስትም ክፉ ዜና አለ። በ2003 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች አብሯቸው ከሚጫወት ሰው ለመዱ፤ በቪዲዮ ሲቀርብላቸው ግን ምንም አልያዙም።

ይህ ችሎታ ዕድሜው አጭር ነው። ሕፃኑ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በአካባቢው የማይነገሩ የድምፅ ልዩነቶችን ችላ ማለት ይጀምራል። ትልቅ ሰው የምንለው እንግዲህ ይህ በር ከተዘጋ በኋላ ለማታ የቋንቋ ትምህርት የሚመዘገበውን ነው። «ስፖርት» ብሎ ይጽፋል፤ «እስፖርት» ብሎ ያነባል። ቃል ሲጀመር ሁለት ተነባቢ እንዳይደራረብ የሚያዝዘውን ሕግ ማንም አላስተማረውም፣ እሱ ግን ሲያከብረው ይኖራል። የትራፊክ ሕግ እንዲህ የሚከበርበት ቀን ይምጣ! ይኸው ሰው ታዲያ አንድ የውጭ አገር ዜጋ «ጠ»ን «ተ» ሲል ከሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ከሁሉ የሚብሰው ልጅ አጫዋች ነኝ ባዩ አጎት ነው። ልጁ መኪናውን «መቲና» ሲል ይሰማና፣ በልጁ ቋንቋ የተራቀቀ መስሎት «መቲናህ የት አለች?» ይለዋል። ልጁ ይቆጣል፦ «መቲና አይደለም! መቲና!»

ጆሮው «መኪና»ን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያልደረሰለት ምላሱ ነው። ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ስሕተት ደግሞ አያሳልፍም። አጎት ግን ወደ እናትየው ዞር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ልጅ ጆሮውን ብታስመረምሩት ይሻላል» ይላል።