አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ ራሴ እንደሆንኩ ግን ከመጀመሪያው እወቁልኝ።

ልጅቷ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቃ ግዢ ክፍላችን ከተቀጠረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነን። አለቃችን የግዢ መጠየቂያ ቅጾችን አንድ በአንድ እያነበበ ነው። ልጅቷ እጇን አነሳች። አነሳሷ የተማሪ ነው፤ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አንድ ጣቷን ብቻ ቀጥ አደረገች።

"ይቅርታ፣ 'ብዛት' የሚለው በካርቶን ነው ወይስ በፓኬት?"

አለቃችን መነጽሩን አወለቀ። "አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?" አላት።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዱ እንዲያውም ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ አስቆኝ አይደለም፤ ሰው ሲስቅ ጊዜ ሳቅሁ። እሷም አብራን ሳቀች። ጣቷን ቀስ ብላ አጠፈችና እጇን ጠረጴዛው ስር ደበቀችው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለጥያቄዋ መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። ስቀን ስንጨርስ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን። እውነቱን ለመናገር ግማሾቻችን መልሱን አናውቀውም ነበር። ቅጹ ላይ የመለኪያ ቦታ የለውም። ለዓመታት በልማድ ነው ስንሞላው የኖርነው። ልጅቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያየችውን ቀዳዳ እኛ በስንት ዓመት አላየነውም፤ አየሁ ስትለን ደግሞ ሳቅንባት።

ሁለት ወር አለፈ። ጎበዝ ሠራተኛ ሆነች ተባለ። ዝምተኛ ናት፣ አትጨቃጨቅም፣ የታዘዘችውን ትሠራለች። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት እንደምንወድ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ የጓንት ትዕዛዝ መጣ። ጠያቂው ክፍል "ጓንት፣ 300" ብሎ ጽፎ ላከ። የፈለገው 300 ፓኬት ነው። በአንድ ፓኬት 100 ጓንት አለ፤ በአንድ ካርቶን ደግሞ 10 ፓኬት። አቅራቢው የሚሸጠው በካርቶን ነው። ልጅቷ 300 ብላ ላከች። የመጣልን እንግዲህ 3,000 ፓኬት ነው። 300,000 ጓንት ማለት ነው።

ስቶሩ ሞላ። የተረፈው ኮሪደር ላይ ተደረደረ። ለሳምንታት ወደ ቢሮአችን የምንገባው በጎን እየተሹለከለክን ነበር። አለቃችን ልጅቷን አስጠራት። የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም፤ ስለዚህ ብዙ ወረቀት አላስፈለገም። ዓርብ ዕለት ሄደች።

ያ ቅጽ ግን ሦስት ፊርማ አለበት። ሁለተኛው የኔ ነው። ቁጥሩን አላየሁትም፤ እንደ ሁልጊዜው ፈርሜ መለስኩት። ሦስታችንንም የጠየቀን ሰው የለም። እኔም "ፈርሜያለሁ እኮ" ብዬ አፌን አልከፈትኩም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምናልባት እረሳው ነበር። ሰኞ ላይ ጠረጴዛዋን ለሌላ ሰው ስናዘጋጅ መሳቢያው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አገኘሁ። መክፈት አልነበረብኝም። ከፈትኩት። ከዚያ ከስብሰባው ቀን ጀምሮ "ጥያቄዎች" የሚል ርዕስ ሰጥታ ቁጥር እያወጣች ጽፋለች። 23 ናቸው።

"ኢሜይል ላይ ሲሲ (ግልባጭ) የሚደረገው ማን ነው? አለቃዬን ካላስገባሁ ንቀት ይሆናል?"

"ውሌ ላይ ያለው ደመወዝና እጄ የገባው ለምን ተለያየ? ማንን ልጠይቅ?"

"ስልክ ላይ ለተቆጣ አቅራቢ ምን ይባላል?"

"ሁለት ሰዎች ሁለቱም 'አሁኑኑ' ብለው ካዘዙኝ የማንን ላስቀድም?"

"ስህተት ሳገኝ መጀመሪያ የምነግረው ለማን ነው?"

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ "ጓንት 300። ካርቶን? ፓኬት? ነገ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ጠይቂ።"

ጠርጥራ ነበር። ሰው የሌለበትን ሰዓት ስትጠብቅ ትዕዛዙ ሄደ።

ወገኖቼ፣ "የዛሬ ምሩቅ ምንም አያውቅም" ማለት ይቀናናል። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። እስቲ ያንን ገጽ እንደገና እዩት። ዲግሪ ላይ ያልነበረው ሁሉ እዚያ አለ። ደብዳቤ መጻፍ፣ ውል ማንበብ፣ ከደመወዝ ላይ ምን እንደሚቆረጥ ማወቅ፣ መጥፎ ዜና ማድረስ፣ ሥራን በቅደም ተከተል መያዝ። ልጅቷ ምን እንደጎደላት ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ዝርዝሩን አውጥታዋለች። ያጣችው የምትጠይቀውን ሰው ነው።

ይሄ ደግሞ በእኛ ቢሮ አልተጀመረም። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ "መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ" ብለን እንጽፋለን። ከጽሑፉ ስር የተቀመጠው ልጅ ሲጠይቅ "ቅድም የት ነበርክ?" እንለዋለን። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ነጥብ የምንሰጠው ለመልስ ነው። "አልገባኝም" ብሎ ነጥብ ያገኘ ተማሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ከዚያ ቀጣሪው "በራሱ የሚተማመን፣ ከሰው የሚግባባ" ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። ከየት ይምጣ?

ላለመጠየቅ የሚከፈለው ዋጋ የሚናቅ አይደለም። ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን ኃይልን በፓውንድ መለኪያ፣ ሌላው በኒውተን መለኪያ ስላሰላ ነው። ያው የእኛ ካርቶንና ፓኬት ነው እንግዲህ። ቁጥሩ እንደማይገጥም ያስተዋሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ነገሩ ግን እስከ መጨረሻው ሳይጣራ ቀረ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሁለት ስመ ጥር የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶችን ስሌት ለክፍል ሥራ ሊደግም ሞክሮ አልመጣለትም። የኤክሴል ፋይላቸውን ላኩልኝ አላቸው፤ ላኩለት። የአገሮች አማካይ የኢኮኖሚ ዕድገት ሲሰላ አምስት አገሮች ተዘለዋል። መንግሥታት በበጀት ክርክር ሲጠቅሱት የነበረ ጥናት ነው። አንድ ተማሪ ጠየቀ፣ የተጠየቁትም አልሳቁበትም።

እናንተም ምሩቃን፣ ከወቀሳው አታመልጡም። ጥያቄ ደብተር ውስጥ አይመለስም። "አልገባኝም" ብቻ ማለት ከከበዳችሁ እንዲህ በሉ፤ "እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፣ ይህንን ሞክሬያለሁ፣ እዚህ ጋ ቆምኩ።" ይህን የሚሰማ ሰው ለመሳቅ ይከብደዋል። የሚስቅም አይጠፋም። የተነገራችሁን በአጭሩ ጽፋችሁ "በትክክል ተረድቻለሁ?" ብላችሁ ላኩ። ስታጠፉ ደግሞ ያጠፋችሁ ዕለት ተናገሩ። ያ ትዕዛዝ በወጣ ማግስት ቢነገር በአንድ ስልክ ይስተካከል ነበር።

ምክር መስጠት ግን ቀላል ነው። እኔ ያንን ደብተር ይዤ ምን አደረግኩ? ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ተሸክሜው ዞርኩ። በመጨረሻ ደወልኩላት። ደብተሯ እኔ ጋ እንዳለ ነገርኳት፤ ቅጹ ላይ መፈረሜንም፣ ያን ቀን መሳቄንም ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት።

"አይ፣ ምንም ችግር የለም። እርስዎ ምን አደረጉ?" አለችኝ።

ይህ መልስ ከስድብ በላይ ነው ያመመኝ። ችግር የለም ማለትን ማን እንዳስተማራት አውቃለሁ።

እውነት ለመናገር የሚለወጥ ነገር አለ ብዬ ብዙም አልጠብቅም። አለቃችን ያው አለቃችን ነው። ቅጹ ላይ "መለኪያ" የሚል ዓምድ ይጨመር ብዬ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ስለዚህ በእስክሪብቶ መስመር እያሰመርኩ እጽፍበታለሁ።

ባለፈው ሰኞ አዲስ ልጅ መጥቶልናል። ጠረጴዛዋ ላይ ነው የተቀመጠው። ስብሰባው መሃል እጁን አነሳና በእኔ የእስክሪብቶ መስመር ውስጥ ያለችው "ፓ" ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀ። አለቃችን መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ።

"ፓኬት ማለት ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "እኔም ድሮ ይምታታብኝ ነበር።"

የሳቀ የለም። ልጁ ጻፈው። ከዚያ እንደገና እጁን አነሳ።