አጥንቱን ማን ያድነው? ገላጋዩን ማጠናከር ወይስ ጠበኛውን ማሰር

ጥያቄው ይህ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ በሽታ አጥንት እንዳይበላ የሰውነትን ብግነት (መቆጣትና እብጠት) አብራጅ ሳይቶካይኖች፣ ማለትም ሴሎች የሚላላኩባቸውን ፕሮቲኖች፣ እናጠናክር? ወይስ ብግነቱን የሚያቀጣጥሉትን እንዝጋ? የሚከራከሩት አንዲት የላቦራቶሪ ተመራማሪና አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው።

ተመራማሪዋ፦
ብዙ ሰው ይህን በሽታ "ቁርጥማት ነው" ብሎ ያልፈዋል። የጣት እብጠቱና የጠዋት መተሳሰሩ ይታያል፤ የአጥንቱ መበላት ግን አይታይም። የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ 6 እና 17 የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይበዛሉ። እነሱ ራንክኤል የተባለውን ፕሮቲን ያበዛሉ። ራንክኤል ደግሞ ኦስቲዮክላስትን፣ ማለትም አጥንት በሊታውን ሴል፣ ያፈላዋል። በጤነኛ ሰው ይህ ሴል ያረጀውን አጥንት አንስቶ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። እዚህ ግን የሚፈርሰው ይበዛል፣ የሚገነባው ያንሳል።

ሰውነታችን ግን ገላጋይም አለው። ኢንተርሉኪን 4 እና 10 የቲኤንኤፍን ምርት ይቀንሳሉ። ኦስቲዮክላስቱ እንዳይበስልም ያግዱታል። ብግነትንም አጥንት መበላትንም በአንዴ የሚይዝ ነገር እያለን፣ ጠበኛውን ማሰር ላይ ብቻ መቆማችን ያሳዝነኛል።

ሐኪሙ፦
እህቴ፣ ያሉት በላቦራቶሪ ደረጃ እውነት ነው። ግን አልረሳነውም፤ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢንተርሉኪን 10 ለታማሚዎች ተሰጥቶ ውጤቱ አላረካም። ከደም ቶሎ ይወጣል። ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌትም ይቀንሳል። ደግሞ እሱ ሁልጊዜ ገላጋይ አይደለም፤ ቢ ሴሎች የተባሉትን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ያነቃቃል። በዚህ በሽታ ቢ ሴሎች የራስን አካል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች ምንጭ ናቸው።

ቲኤንኤፍን መዝጋት ግን ሠራ። ተመራማሪዎቹ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ለንደን ውስጥ ይህን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2003 ላስከር የተባለውን የሕክምና ሽልማት አገኙ። ከሁሉ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ቲኤንኤፍ ዘጊው መድኃኒት የኢንፍሊክሲማብ ጥናት ነው። ለዚህ በሽታ ከሚሰጠው ከሜቶትሬክሴት መድኃኒት ጋር ሲሰጥ፣ ሕመማቸው ብዙም ያልተሻላቸው ሰዎች እንኳ የመገጣጠሚያቸው ጉዳት ገታ አለ።

ተመራማሪዋ፦
እሱ ጥናት እኔን ነው የሚደግፈው! ሕመሙና የአጥንቱ መበላት ሁሌ አብረው አይሄዱም ማለት ነው። ዴኖሱማብ የተባለውን መድኃኒት ይመልከቱ። ራንክኤልን ይዘጋል፤ አጥንቱ ይጠበቃል፤ እብጠቱና ሕመሙ ግን ባሉበት ይቀራሉ። አንዱን ብቻ መዝጋት አይበቃም። ገላጋይን መድኃኒት ማድረግም ይቻላል። አናኪንራ ሰውነት ራሱ ኢንተርሉኪን 1ን ለመግታት የሚሠራው ፕሮቲን ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል።

ሌላም አለ። ቲኤንኤፍ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አጥሮ ለመያዝ ያስፈልጋል። ሲዘጋ የተኛው ቲቢ ይነሳል። ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህን ቀላል ነገር ማለት አልችልም።

ሐኪሙ፦
ስለ ቲቢው ልክ ነዎት። ከመጀመራችን በፊት ምርመራ ግድ ነው። አናኪንራ ግን ለዚህ በሽታ ከቲኤንኤፍ ዘጊዎቹ ይደክማል።

እኔን የሚያንገበግበኝ "ብግነት አብራጅ" የሚለው ቃል ራሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ መድኃኒት ብግነት ያበርዳል። እብጠቱ በቀናት ይቀንሳል፣ ታማሚዋም ተሻለኝ ብላ ወራት ትውጠዋለች። አጥንቷ ግን ከውስጥ ይሳሳል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን ሜቶትሬክሴት ቶሎ መጀመር ነበረባት። ዋጋው ከነዚያ ውድ ቲኤንኤፍ ዘጊ መርፌዎች ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ አንድ ነገር እብጠት ስላበረደ ብቻ ለአጥንት ወዳጅ ነው ብዬ አልቀበልም።

ተመራማሪዋ፦
በዚህ እስማማለሁ። ኢንተርሉኪን 10ም በደም ሁሉ መበተኑ ነበር ችግሩ። አሁን ከአንቲቦዲ ጋር አያይዘው ወደ ታመመው መገጣጠሚያ ለመላክ የሞከሩ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም ብለን በሩን መዝጋት የለብንም።

ሐኪሙ፦
በሩን አልዘጋሁም። ግን "እብጠቱ ቀነሰ" የሚል ወረቀት ብቻ ይዘው አይምጡ። ከዓመት በኋላ የተነሳ የእጅና የእግር ራጅ ያምጡልኝ። አዲስ የአጥንት ጉድጓድ ከሌለው እኔም ለታማሚዎቼ አዝዘዋለሁ።