ያቺን ነጥብ አጥፉልን

«አብሽሩ፣ ከእንግዲህ ማንም መንገድ አይጠፋበትም።» የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በዞምቢዎች መሃል በሕይወት ለመቆየት የሚታገሉበትን ዴይዚ የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ አብረን የምንጫወትበት ሰርቨር አድሚን (አስተዳዳሪ) ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከሚቀጥለው ዋይፕ (ሰርቨሩ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከሚጀምርበት ቀን) ጀምሮ ካርታ ፈልጎ ማግኘት ቀረ። ቁልፍ ሲጫኑ የጨዋታው አገር የቸርናሩስ ካርታ ይዘረጋል፣ የቆሙበት ቦታም በነጥብ ይታያል። ከሥሩ የአውራ ጣት መዓት ወረደ። የተቃወምነው ጥቂቶች «ሽማግሌዎቹ ተነሱ» ተብለን ተሳቀብን።

ይሳቅ። ግን ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች በላይ የሚያስቅ አላየሁም። «የት እንዳለህ የማይነግርህ ካርታ ምኑን ካርታ ሆነ?» ይላል አድሚናችን። በዚህ ስሌት ካርታ ሥራዎች ድርጅት ሲያትማቸው የኖሩት 1 ለ50,000 ካርታዎች ሁሉ ለሱቅ መጠቅለያ የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። በእነሱ መንገድ የቀየሱ መሐንዲሶች ወረቀቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ ሲጠብቁ ኖረዋል? የከፍታ መስመሩን አዩ፣ ቀና ብለው ጋራውን አዩ፣ ሁለቱን አገናኝተው «እዚህ ነን» አሉ፤ አለቀ። ስልክ ከመጣ በኋላ የመጣን ስንፍና የካርታ ሕግ አድርጎ ማቅረብ ድፍረት ነው።

ደግሞስ ዴይዚ ቦታህን መቼ ከለከለህ? የቱሪስት ካርታ አለ፣ ኮምፓስ አለ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚፈልግ ጂፒኤስ አለ። ለፍተህ ካገኘሃቸው ነጥቧ ካርታህ ላይ ትመጣለች። አድሚኑ ኮንፊግ ፋይሉ (የሰርቨሩ ማስተካከያ) ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ከፎልስ (ጠፍቷል) ወደ ትሩ (በርቷል) ሲቀይር እነዚህን ዕቃዎች ከጨዋታው ሰረዛቸው። ነገ ጂፒኤስ ያገኘ ልጅ ባትሪውን ለእጅ መብራቱ ነቅሎ ቀሪውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ለጀማሪ አሰብን የሚሉት ይህንን ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ዴይዚ ላይ ስትሞት ሁሉን ታጣለህ። መሣሪያህ፣ ቦርሳህ፣ ስንት ሌሊት የለቀምከው ቆርቆሮ ምግብ፣ ሁሉም ገዳይህ ጋር ይሄዳል፤ አንተ ባሕር ዳርቻ ላይ ባዶ እጅህን ትነሳለህ። ማንም ገፎ የማይወስድብህ አገሩን ማወቅህን ብቻ ነው። ሌላው ጨዋታ ደረጃ ይሰጥሃል፣ ነጥብ ይቆጥርልሃል፣ ስኪን (ለገጸ ባሕርይህ የሚሆን ጌጥ) ይሸጥልሃል። እዚህ ያደግከው ያወቅከውን ሸለቆ ያህል ነው። 225 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቸርናሩስ ደግሞ ኮምፒውተር በዘፈቀደ የፈለፈለው መሬት አይደለም። የቼክ አገር ጨዋታ ሠሪዎች አርማ 2 ለተባለው የጦርነት ጨዋታቸው ሲሠሩት በራሳቸው አገር፣ በኡስቲ ናድ ላቤም አካባቢ ያለውን እውነተኛ መሬት ተከትለው ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የዴይዚ ፈጣሪ ዲን ሆል ጨዋታውን የአርማ 2 ሞድ (ተጨማሪ ማሻሻያ) አድርጎ እዚያው ላይ ሲጀምር የተረከበው ይህን የተጠና መሬት ነው። ስለዚህ መሬቱ ያናግርሃል። መንገዱ መንገድ መሄድ ባለበት ይሄዳል፣ መንደሩ መንደር በሚቆረቆርበት ተቆርቁሯል። ባሕሩ በደቡብና በምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ጥርት ባለ ሌሊት የሰሜን ኮከብ ይታያል። የከተማው ስም ታፔላው ላይ በሩሲያ ፊደል ተጽፏል፤ የፊዚክስ ቀመር ሳይይዙ «ቼርኖጎርስክ»ን እና «ቤሬዚኖ»ን በዚያ ፊደል ማንበብ የለመዱ የጌም ቤት ልጆች አውቃለሁ። (ወላጆቻቸው ይህን እንዳያነቡብኝ።)

ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት ሊኖርብኝ አይገባም ነበር። በቤት ቁጥር ተመርቶ ዘመዱ ቤት የደረሰ ደሴዬ ካለ ያሳዩኝ። «ከአይጠየፍ ወረድ ብለህ፣ ዳገቱን ሳትጨርስ፣ በቀኝህ» ይባላል፣ ይደረሳል። ጭጋጉ ሲነሳ ሰው ጦሳን ቀና ብሎ አይቶ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ያውቃል። እንግዳ ሆኖ የመጣ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ይጠይቃል፣ ሻይ ይጋበዛል፣ ሁለተኛ አይጠፋም። ሰርቨራችን ላይም የነበረው ይኸው ነው። ማታ በድምፅ ቻት የምሰማው ወሬ «ቀይ ጣሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይታየኛል»፣ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?»፣ «በግራዬ»፣ «እንግዲያው ዞረሃል አንተ ልጅ፣ ተመለስ!» የሚል ነበር። እየተሳሳቁ፣ እየተሰዳደቡ፣ አንዱ ሌላውን በአፉ እየመራ ያመጣው ነበር። ነጥቧ ስትበራ የሚቀረን የቆምንበትን የካርታ ቁጥር መጥራት ነው። ሰርቨሩ ሁለት ወር ከቆየ ይገርመኛል።

«ጀማሪዎች እየሸሹ ነው» ይባላል። ጀማሪ የሚሸሸው ስለጠፋ ሳይሆን አምስት ሆነው እያሳደዱ የሚገድሉት ቡድኖች ስላሉ ነው፤ ይህን ግሩፑ ውስጥ የማያውቅ የለም። ነጥቧ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትጠቅመው እነሱን ነው። እስከ ዛሬ አምስቱ ከተለያየ ዳርቻ ተነስተው ለመገናኘት ጫካ ውስጥ ሲደናበሩ ብቸኛው ልጅ ጥቂት ፋታ ያገኝ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብለው ይገናኛሉ፣ ቀጥ ብለው ይመጡበታል። ውሳኔውን ቀድመው ያጨበጨቡለት እነማን እንደሆኑ ግሩፑ ላይ ወደ ማስታወቂያው ተመልሳችሁ ስሞቹን እዩ።

ሌላው መከራከሪያ «ሁሉም ስልኩ ላይ አይዙርቫይቭ ከፍቶ ነው የሚጫወተው» የሚለው ነው፤ አይዙርቫይቭ የዴይዚን ካርታ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው። ይከፍታል፤ እኔም እከፍታለሁ። ግን አይዙርቫይቭ ካርታውን እንጂ የቆምክበትን አያውቅም። ታፔላውን አንብበህ፣ የመንገዱን መታጠፊያ ቆጥረህ፣ ካርታው ላይ ራስህን የምታገኘው አንተ ነህ። ይህንን ከነጥቧ ጋር አንድ ያደረገ ሰው ካርታ ከፍቶ የሚያውቅም አይመስለኝም።

«ራስት የተባለው ጨዋታም ቦታህን ያሳያል» ብለው ምሳሌ ላደረጉልን ግን እዚህ ላይ እስማማለሁ፦ እዚያ ነጥቧ ትክክል ናት። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ዋይፕ ሲመጣ አብዛኛው ሰርቨር በአዲስ ሲድ (ዓለሙ የሚፈለፈልበት ቁጥር) አዲስ ደሴት ይፈጥራል፤ ወር ሳይሞላው ሊጠፋ ያለን መሬት አጥና ብሎ ሰውን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። የእኛ ቸርናሩስ ግን ዋይፕ ተደርጎም ያው ቸርናሩስ ነው፤ ዘንድሮ ያወቅከው ጋራ ከርሞም እዚያው ይጠብቅሃል። ይልቅ ቫልሃይም የተባለውን ጨዋታ እዩ። በሲድ የሚፈጠር ዓለም ሆኖ እንኳ ሠሪዎቹ ካርታ አልባ አድርጎ መጫወትን ራሳቸው ምርጫ አድርገው አስገብተውታል። እነሱ ካርታ ለሚጠላው ምርጫ አዘጋጁለት፤ የእኛ ሰዎች መንገዱን ራሱ መፈለግ የወደደውን ምርጫውን ነጠቁት።

በእርግጥ የጀማሪው ነገር ካሳሰባችሁ መንገዱ ሩቅ አይደለም። የሉት ፋይሉን (በየቦታው የሚገኙትን ዕቃዎች ብዛት የሚወስነውን) ክፈቱ፤ የካርታውን፣ የኮምፓሱንና የጂፒኤሱን ቁጥር ከፍ አድርጉት፤ አዲስ የሚነሳውም ልጅ ከፋሻው ጋር አንድ የቱሪስት ካርታ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይነሳ። ኮንፊጉን ግን ወደ ፎልስ መልሱት። አድሚኑ ማስታወቂያውን ለመጻፍ ከፈጀበት ጊዜ ያነሰ ሥራ ነው፤ ዋይፑ ደግሞ ገና አልደረሰም።