አየር ከፈለግክ እንጦጦ ውጣ ተባልኩላችሁ

አሁን ገና ከጂም መግባቴ ነው፣ ሻወር እንኳን አልወሰድኩም፣ ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው ስለዚህ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ። ያቺን ክፍል ታውቋታላችሁ፣ ስሟን አልጠራም። ሶስተኛ ፎቅ፣ ድሮ ቡቲክ የነበረችው፣ ፊቷ በሙሉ መስታወት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲጠብሳት ውሎ ልክ ሰው ከስራ ወጥቶ ሲገባ የሰበሰበችውን ሙቀት ታራግፍብናለች። ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው፣ እሱም አንገቱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ሪሴፕሽን ያለችውን ልጅ ብቻ ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ከእንፋሎቱ ብዛት ደብዝዞ አንዱ በጣቱ «አርሴናል» ብሎ ጽፎበታል፣ ከስሩ ሌላው «ዘንድሮም የለም»። በዚህ እንኳን ስቄያለሁ።

የምትከፈት መስኮት አንዲት ናት። አንዲት! ከስኳት መስሪያው ጀርባ ያለችው ተንሸራታቿ። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የሰው ካልሲና ሽቶ ተደባልቆ፣ ትንሽ ገፋ አደረግኳት። መዳፍ የምታስገባ ያህል ናት፣ በቃ። ወዲያው አንዷ «ውይይ ብርድ!» ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ! አንዱ ደግሞ ከትሬድሚል ሳይወርድ «ወንድም ዝጋው እንጂ፣ ላብ ላይ ብርድ ከመታን አለቀልን»። እኔ በትህትና «ታፈንን እኮ፣ ትንሽ አየር ይግባ» አልኩ። ኮች መጣ። ሙዚቃውን ቀነሰው (ጎረቤት ቢሮ ያሉት ሲለምኑት ቀንሶ የማያውቀውን!)፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ መሰለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»
«አየር የለም ኮች።»
«አየርማ አለ፣ ባይኖር ትሞት ነበር።» ሳቅ።
«ሙቀቱ በጣም...»
«ሙቀቱ እኮ ነው የሚያቀልጠው! ሰው ከፍሎ ሳውና ይገባል፣ አንተ በነፃ አግኝተህ ታማርራለህ። አየር ከፈለግክ እንጦጦ ውጣ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሆዷ ላይ ፌስታል ጠቅልላ የምትሮጠዋ ሴትዮ ሳትቀር ሳቀችብኝ፣ ስትንቀሳቀስ ኮሽ ኮሽ እያለች። ከዛ ራሱ ሄዶ ጥርቅም አድርጎ ዘጋት። እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። እሺ!!

መልሱ ሁሉ የመጣልኝ ደረጃ ስወርድ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላፈንዳው። ኮች ሆይ፣ ሰውነት ስፖርት ሲሰራ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሶስት አራተኛ ገደማው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ እዛች ክፍል ውስጥ የከተትካቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው የተለኮሰ ምድጃ ናቸው፣ የትሬድሚሎቹ ሞተር ሳይቆጠር። ላብ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ በእንፋሎት ከጠገበ የት ይተናል? ወለሉ ላይ ነው የሚንጠባጠበው፣ ለዛ ነው ፑሽ አፕ ስሰራ እጄ የሚያዳልጠኝ። ያቺ ሴትዮ በፌስታሉ የምትቀንሰው ኪሎ ውሃ ነው እማምላክን፣ ቤቷ ገብታ ሁለት ሶስት ብርጭቆ ስትጠጣ ይመለሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባህር ጠለል ሩብ ገደማ ያንሳል፣ በዛ ላይ የሌላ ሰው ትንፋሽ ልተንፍስ?

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ መስኮት ብትዘጋ አይፈረድባትም፣ በበጋ ውጪው ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እኛ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ሹራብ የምናስደርብ ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ብርዱ በነፃ በር ላይ ቆሞ፣ አናስገባም ብለን በላብ እንቀቀላለን። ኤሲ ይገባል ተብሎ ከፋሲካ ጀምሮ ዋጋ ተጨምሯል፣ ኤሲው የታል? ቢመጣስ፣ እንደዚህ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ አቀዝቅዞ ነው የሚመልሰው፣ ከውጪ አዲስ አየር አያስገባም። ያው የካልሲ ሽታ፣ ግን የቀዘቀዘ። አንድ ብር ሳይወጣ ያቺን አንገተ ሰባራ ቬንትሌተር መስኮቱ ላይ ፊቷን ወደ ውጪ አዙሮ ሙቀቱን እንድታስወጣ ማድረግ፣ ማዶ ያለውን በር መክፈት፣ በቃ አየሩ ከኮሪደሩ ይገባል። በሩ ግን አይከፈትም፣ ሙዚቃው ጎረቤት ስለሚረብሽ። ሙዚቃውን ቀንሱት ስትል ሞራል ይገድላል።

ይሄ የመስኮት ነገር ጂም ብቻ መሰላችሁ? ትናንት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ማንቁርቴ ላይ እያሳሉ «ልጄ መስኮቷን ዝጋት፣ ብርድ ሊገለን ነው» አሉኝ። የሚገለኝማ ሳልዎት ነው አባባ ማለት አይቻል፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዘጋሁ። በኮሮና ጊዜ እኮ መስኮት ክፈቱ ተብሎ ሁሉም ከፍቶ ሲሄድ ነበር፣ ማንን ብርድ መታው? ያ ሁሉ ምክር የት ገባ? ሳኒታይዘሩ ጋር አብሮ አለቀ መሰለኝ።

የሚያናድደኝ ደግሞ የ3 ወር ከፍያለሁ። ብሬን መልሱ እንዳልል ደረሰኙ ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ተጽፏል፣ ይቺን ብቻ በትልቁ በቀይ። እንጦጦ ውጣ ያለኝ ሰውዬ ትራንስፖርቱን ቢችለኝ ደግሞ ነገውኑ እወጣለሁ፣ ግን ከስራ በኋላ በዚህ ሰልፍ ማን ይደርሳል፣ ሲደረስም መሽቷል።

ስለዚህ መገናኛ አካባቢ፣ ገርጂም ይሁን፣ መስኮቱ የሚከፈት ጂም የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሻወር ባይኖረው ግድ የለኝም፣ ማሽኑ አሮጌ ቢሆን ግድ የለኝም። ብቻ ከመላካችሁ በፊት መስኮቱን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ፎቶ ላይ የሚከፈት የሚመስል በሲሊኮን የታሸገ አለ።